የጫማው ደረሰኝ

ደረሰኞቹን ያወጣችው ከጥቁር ፌስታል ውስጥ ነው። በየወሩ ለይታ በላስቲክ አስራቸዋለች። የመድኃኒቱ ለብቻ፣ የምርመራው ለብቻ። ደረሰኝ የሌለውን የታክሲውን ደግሞ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ ቀን በቀን በእጇ ጽፋዋለች። ከሁሉም በላይ ያልታሰረች አንዲት ትንሽ ወረቀት ነበረች። እሷን በሁለት ጣቷ አንስታ ጠረጴዛው ላይ፣ ፊት ለፊቴ አስቀመጠቻት።

«የጫማው ይኸውልሽ» አለችኝ።

ስለ ጫማ አልጠየቅኳትም ነበር። ገና አፌን አልከፈትኩም። ግን የሄድኩት ለእሱ ነው። እሷም አውቃለች።

ይህ ከሆነ ዓመት አልፎታል። በዚህ ዓመት ውስጥ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ያቺን ወረቀት ግን አልረሳኋትም። ሥራ ላይ ሆኜ የሰው ደረሰኝ ስቀበል ትመጣብኛለች። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ የመባ መሰብሰቢያው ሲያልፍ ትመጣብኛለች። ስለዚህ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

የእሑዱ ንባብ

የቤተ ክርስቲያናችን የእርዳታ ኮሚቴ ሒሳብ ያዥ ነኝ። መተዳደሪያዬም ሒሳብ ስለሆነ ኃላፊነቱን ስቀበል ብዙም አላሰብኩበትም። መደመርና መቀነስ ነው ብዬ ነበር።

የዚያች ደረሰኝ ያወጣችልኝ ሴት ባል ልብስ ሰፊ ነው። ከመካከላችን እሱ ያልሰፋለት ሰው ጥቂት ነው። የደም ግፊቱ ለዓመታት ሳይታወቅ ቆይቶ ሁለቱንም ኩላሊቶቹን አድክሟቸው ተገኘ። ግፊት አመሉ እንዲህ ነው። ሳያም፣ ሳይቆጠቁጥ ውስጥ ውስጡን ይሠራል። ሰውየው ድካሙን የሥራ ብዛት ነው ይል ነበር፤ የእግሩን እብጠት ደግሞ የመቀመጥ ብዛት። ሆስፒታል ሲደርስ የኩላሊት እጥበት ዛሬውኑ መጀመር አለበት ተባለ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል ከማሽን ጋር ተያይዞ መተኛት። ንቅለ ተከላ እስኪገኝ ድረስ። ካልተገኘ ደግሞ ዕድሜ ልክ።

እሑድ ከአገልግሎቱ በኋላ ሰብሳቢያችን ተነሥተው ተናገሩ። አዛውንት ናቸው፤ ለወትሮው ንግግራቸው አይደናቀፍም። የዚያን ቀን ግን መካከል ላይ ድምፃቸው ተቆረጠ። የታማሚው ፎቶ ግድግዳው ላይ በትልቁ ታየ። ፎቶውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ቤተሰቡ ከላከልኝ ፎቶዎች መካከል በጣም የከሳበትንና አፉ ላይ ጭንብል ያለበትን መረጥኩ። ሰው እንዲያዝን ብዬ ነው። ሚስቱና ትንሿ ልጁ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሁላችንም ዞረን አየናቸው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አሉ ሰብሳቢው፤ ቤተሰቡ ችግሩን መናገሩ ትክክል እንደሆነ ለማስረዳት። እውነት ነው። ግን ተረቱ የሚለው ለሚያድን ሰው ንገር ነው። የምርመራ ውጤትህ ለአራት መቶ ሰው ይነበብ አይልም። ይህ ያን ቀን አልታየኝም።

ገንዘቡ መጣ። ከጠበቅነው በላይ መጣ። ልጆች ሳንቲም ያጠራቀሙበትን ቆርቆሮ ይዘው መጡ። ከአንዲት እህት ጋር ሆነን ስንቆጥር መሸ፤ ሳንቲሙን በየዓይነቱ ደርድረን ስንጨርስ ጣቶቻችን ጠቁረው ነበር። ሁለታችንም አልቅሰናል። እንደዚያ ቀን ቤተ ክርስቲያኔን የወደድኩበት ጊዜ የለም። አሁንም ቢሆን ያ ቀን ውሸት ነበር አልልም።

በሚቀጥለው እሑድ ዝርዝሩን አነበብኩ። ስም፣ ከስሙ ቀጥሎ መጠን። ግልጽነት ነው ብለን አምነንበት ነው። ያልሰጠውንም ያነቃቃል አልን፤ በእርግጥም አነቃቃ። ማንበብ ከመጀመሬ በፊት አንዲት ሴት ቀስ ብላ መጥታ «የኔን አታንብቢው እሺ» አለችኝ። ትሕትና መሰለኝ። ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ የሚለውን ቃል እየጠበቀች ነው ብዬ አደነቅኳት። በኋላ ዝርዝሩን ሳየው ነው የገባኝ። ያላትን ሰጥታ፣ መጠኑ ከሌሎቹ ተራ በታች ሆኖ ሲነበብ እንዳትሰማ ነው የለመነችኝ።

ያን ቀን ከመድረክ ላይ ሌላም ተረት ተጠቅሷል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ሁላችንም አጨበጨብን። ነገሩን ከሃምሳዎቹ በኩል ሆነን ነበር የምናየው። እያንዳንዳችን አንዳንድ ሎሚ ይዘናል፤ ቀላል ነው፤ ያምራል። ከዚያ ሁላችንም ሎሚያችንን ወስደን አንዲት ሴት እጅ ላይ አስቀመጥነው። ሃምሳውን። ስሙና መጠኑ ተነቦላት። ያ ሁሉ ውለታ እሷ ጋ ሲደርስ እንደገና የአንድ ሰው ሸክም ሆነ።

ስብሰባው

አራት ወር አለፈ። ከሆስፒታል ጋር የኖረ ሰው እንደሚያውቀው ከአራት ወር በኋላ የሚጠይቅ ሰው ይቀንሳል። በሽታው አዲስ ወሬ መሆኑ ቀርቷል፤ እጥበቱ ግን ሦስት ቀን፣ ሦስት ቀን ይቀጥላል። እኔም መዝገቤ ላይ አየው ነበር። በመጀመሪያው ወር ሁለት ገጽ የሞላው ገቢ በአራተኛው ወር አምስት መስመር ሆነ።

በዚያ ወር ስብሰባ ላይ አንድ የኮሚቴው አባል ነገሩን አነሣ። ክፉ ሰው አይደለም። ይህን ማለት አለብኝ። ካዋጡት ሁሉ ከፍተኛውን ከሰጡት አንዱ ነው፤ ባልየው ሆስፒታል በተኛ ጊዜም ሁለት ሌሊት አብሮት አድሯል። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ልጅቷን አዲስ ጫማ አድርጋ አየኋት» አለ። «ጥሩ ጫማ ነው። እኔ ምንም አልልም፤ ግን ሰው እያወራ ነው።»

ሰው እያወራ ነው። ይህን አባባል ከዚያ ወዲህ ብዙ አስቤበታለሁ። ማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰው ያወራል፤ እኛም ስለ እሱ ብለን አንድ ነገር ማድረግ አለብን። ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሰባት ሰዎች ነበርን። ሰባታችንም እያወራን ያለነው እኛ ነበርን።

ሌላው ቀጠለ። ገንዘቡ የተዋጣው ለሕክምና ነው አለ። ሌላዋ ደግሞ ሒሳቡ ቢጣራ ለእነሱም መልካም ነው፣ ከሐሜት ያድናቸዋል አለች። ሰብሳቢው ዝም ብለው ቆዩና «ለግልጽነት ሲባል ደረሰኞቹን ብናይ አይከፋም» አሉ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሒሳብ ያዥዋ እኔ ነኝ። ሴትም ነኝ። ከሴት ወደ ሴት ሲሆን ይቀላል ተባለ።

እዚህ ላይ ልቁም። ልቤ «ይህ ልክ አይደለም» ብሏል። በደንብ ነው የሰማሁት። ግን ለምን ልክ እንዳልሆነ ማስረዳት አልቻልኩም። እንዴት ብዬ ነው ሒሳብ ያዥ ሆኜ ደረሰኝ አይጠየቅ የምለው? ሥራዬ ላይ አንዲት ወጪ ያለ ደረሰኝ አላሳልፍም። ሰዎች አምነው ገንዘባቸውን ሰጥተውኛል። ስለዚህ ዝም አልኩ። «እሺ» አልኩና ደብተሬን ዘጋሁ። ለወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ሲባል ሁልጊዜ ምሳር የያዘው ሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

ጠረጴዛው

ቅዳሜ ከሰዓት ሄድኩ። ባልየው ከእጥበት ተመልሶ ጓዳ ተኝቷል። የእጥበት ቀን እንደዚያ ነው፤ ሰውነቱን ሙልጭ አድርጎት ይውላል። ሚስትየዋ በር ከፈተችልኝ። ፊቷ ላይ ደስታ አየሁ፤ ከዚያ ዓይኗ ክንዴ ሥር ወዳለው ደብተር ሄደ። ደስታው አልጠፋም፤ ግን ሌላ ነገር ሆነ። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ እትዬ ነው የምላት።

«ግቢ የኔ እናት፣ ተቀመጪ።»

ጫማው በሩ አጠገብ ነበር። ትንሽ፣ ጥቁር፣ በሥርዓት የተወለወለ። እንዳላይ ብዬ ዓይኔን አነሣሁ፤ እንዳላይ ማለቴን አየችብኝ።

ስለ ጤናው ጠየቅኳት። ደህና ነው፣ ውኃ የሚጠጣው በልክ ስለሆነ ይጠማዋል፣ ይህ ነው የከበደው አለችኝ። ኩላሊት ማጣራት ሲያቆም የጠጡት ውኃ መውጫ አያገኝም። ከአንዱ እጥበት እስከ ሌላው ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሳንባና ልብን ያስጨንቃል። ስለዚህ በብርጭቆ እየተለካ ነው የሚጠጣው። እሷም እሱ ፊት ውኃ መጠጣት ትታለች። ጓዳ ገብታ ነው የምትጠጣው። ይህን የነገረችኝ እንደ ቀላል ነገር ነው፤ ስለ አየር ሁኔታ እንደሚወራ።

ከዚያ ዝም ተባባልን። እኔ እንዴት እንደምጀምር አላወቅኩም። እሷ ተነሣችና ፌስታሉን አመጣች። የቀረውን ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

ደረሰኟን አነሣኋት። ማሽን የሚያትማት ዓይነት ስስ ወረቀት ናት፤ ቀለሟ ደብዝዟል። ገለበጥኳት። ጀርባዋ ላይ ቀኑንና ዋጋውን በእስክሪብቶ ጽፋበታለች።

«ቀለሙ ቶሎ ይጠፋል» አለችኝ። «በኋላ ምንም አልታየንም እንዳትሉ ብዬ ነው።»

«እትዬ፣ ስለ ጫማው ማን ነገረሽ?» አልኳት።

«ማንም አልነገረኝም። ሰው ጫማዋን ሲያይ አየሁ።»

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። የምትነግረኝ የተለማመደችውን ነገር ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ፣ ዝርዝሩ ከተነበበበት እሑድ ጀምሮ፣ እያንዳንዷን ወረቀት ያስቀመጠችው እንደምንመጣ ስለምታውቅ ነው። እኛ ፍቅር ነው ብለን የሰጠነውን እሷ ገና ሲሰጣት ብድር መሆኑ ገብቷታል።

ከዚያ ያደረግኩትን ልናገር። ደብተሬን ከፈትኩ። እጄ ልማድ ስላለው ነው። ወጪ በሚለው ዓምድ ሥር ቀኑን ጻፍኩ፣ «ጫማ» ብዬ ጻፍኩ፣ ዋጋውን ጻፍኩ። እሷ ቁጭ ብላ እጽፍ አልጽፍ እንደሆነ ታየኛለች። እኔ ጻፍኩ።

ያን ጊዜ ከጓዳ የባልየው ድምፅ መጣ። ተኝቶ አልነበረም።

«ልጄ» አለኝ፤ «ከጎደለ ንገሪን።»

ማን ነው ሒሳብ የሚሰጠው?

ቤቴ ተመልሼ ለብዙ ቀን ራሴን ስከላከል ቆየሁ። ልጅቷ የቀድሞ ጫማዋ ጠቧት ሊሆን ይችላል አልኩ። ተቀዶ ይሆናል አልኩ። ምክንያቱን ብጠይቃት ኖሮ ለኮሚቴው አስረድቼ እሟገትላት ነበር አልኩ። ይህን ለራሴ ስል ከረምኩና አንድ ቀን ነገሩ ራሱ አስደነገጠኝ። ልጅቷ ጫማ ለማድረግ ምክንያት እየፈለግኩላት ነበር። አባቷ ጤነኛ የሆነ ልጅ አዲስ ጫማ ሲያደርግ ማንም ምክንያት አይጠይቀውም። አባቷ ታመመና የእሷ እግር የኮሚቴ አጀንዳ ሆነ።

እትዬ ምክንያቱን እስካሁን አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኳትም፤ መጠየቅም የለብኝም።

በዚያው ሰሞን ነው ወደ ቆሮንቶስ መልእክቶች የተመለስኩት። ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ለተቸገሩት ምእመናን ከመቄዶንያና ከአካይያ ገንዘብ ያሰባሰበበትን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። በየመዋጮው ይጠቀሳል፤ በደስታ የሚሰጠውን እግዚአብሔር ይወዳል የሚለው ከዚያው ነው። እኔም መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። በዚህኛው ጊዜ ግን እንደ ሒሳብ ያዥ አነበብኩት፤ ያላየሁትንም አየሁ።

ጳውሎስ በሒሳብ ጉዳይ በጣም ጥንቁቅ ነው። ገንዘቡን ብቻውን ይዞ ለመሄድ አልፈለገም። እናንተ የምትመርጧቸው ሰዎች ይዘውት ይሂዱ አለ፤ ደብዳቤም እሰጣቸዋለሁ አለ። በሁለተኛው መልእክት ምዕራፍ 8 ላይ ቲቶን ይልካል፤ ከእሱም ጋር በአብያተ ክርስቲያናት ሁሉ የተመሰገነ፣ በእነሱም የተመረጠ ወንድም ይልካል፤ ሌላም ይጨምራል። ለምን ቢባል፣ ስለዚህ ብዙ ስጦታ ማንም እንዳይነቅፈን ይላል። በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊትም መልካም የሆነውን እናስባለን ይላል። ግልጽነት ማለት ይኸው ነው። እኛ የምንለው ቃል በቃል ማለት ይቻላል።

ግን ጥንቃቄው የተጫነው ማን ላይ ነው? ተሸካሚዎቹ ላይ። ገንዘቡን የሚሰበስቡት፣ የሚይዙት፣ የሚያደርሱት ናቸው ምስክር የሚቆምባቸው። በኢየሩሳሌም ያለችው ድኻ በምን አዋለችው የሚል አንድ ቃል አላገኘሁም። ደጋግሜ ፈለግኩ፤ የለም።

ደብተሬን አወጣሁና አየሁት። በአራት ወር ውስጥ ሰብስበን ለቤተሰቡ ሳናደርስ ሁለት ሳምንት የዘገየ ገንዘብ ነበር፤ ፊርማ የሚያኖር ሰው ጠፍቶ። ስለ እሱ ማንም አልጠየቀንም። ለአዳራሽ ማስጌጫ ተብሎ ከዚያው ሣጥን የወጣና በኋላ የተመለሰ ትንሽ ገንዘብም ነበር። ይህንንም ማንም አልጠየቀንም። ደረሰኝ የተጠየቀችው በሳምንት ሦስት ቀን ባሏን ደግፋ ደረጃ የምትወጣዋ ሴት ናት።

በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የኖረው ዮስጢኖስ ሰማዕት የእሑድ ጉባኤ እንዴት እንደሚደረግ ጽፏል። ያላቸው ሰዎች የፈቀዱትን ያህል ይሰጣሉ። የተሰበሰበው በጉባኤው መሪ ዘንድ ይቀመጣል። እሱም ወላጅ የሌላቸውን፣ ባል የሞተባቸውን፣ በሕመም ወይም በሌላ ምክንያት የተቸገሩትን፣ የታሰሩትን፣ እንግዶችን ይረዳል። በመካከል አንድ ሰው አለ፤ ሰጪውና ተቀባዩ ፊት ለፊት አልተጋጠሙም። ስም ከነመጠኑ ሲነበብም አይታየኝም። ያ መካከል ላይ ያለው ቦታ ዛሬ የእኔ ነው። ሥራዬ ሁለቱን እንዳይተፋፈሩ አድርጎ ማገናኘት ነበር።

እዚህ ላይ የሚነሣውን ጥያቄ አውቀዋለሁ፤ ራሴም እጠይቀዋለሁ። ሳይታመም ታመምኩ የሚል ሰውስ? አለ። የሐኪም ወረቀት መታየት አለበት፤ ሆስፒታሉ ዘንድ ተደውሎ መጣራት አለበት። ይህን የምለው ያለ ማመንታት ነው። ግን ይህ የሚደረገው ከመስጠት በፊት፣ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ሰው በሚያውቀው መንገድ ነው። ከሰጠን በኋላ የእኛ አይደለም። ሰጥተን እያለ ዓይናችን ከገንዘቡ ጋር ቤታቸው ገብቶ ከተቀመጠ፣ ገና አልሰጠንም ማለት ነው።

ለሆስፒታሉ በቀጥታ ይከፈል የሚሉም ነበሩ። ለእጥበቱ ጥሩ ነው፤ እነሱም ወደውታል፤ ተራ ከመጠበቅ ያድናል። ግን በሽታ የሚበላው ሆስፒታል ውስጥ ብቻ አይደለም። እትዬ ሥራዋን ትታለች። በሳምንት ሦስት ቀን የምትቀር ሠራተኛ ማን ይቀጥራል? የባልየው ደንበኞች ቀስ በቀስ ወደ ሌላ ልብስ ሰፊ ሄደዋል፤ ሊፈረድባቸው አይችልም። የቤት ኪራይ አለ። ልጅቷ ታድጋለች፤ የልጅ እግር አባቱ እስኪድን አይጠብቅም። ለእነዚህ ለአብዛኞቹ ደረሰኝ የለም። ውኃውን ጓዳ ተደብቆ ለመጠጣት ደረሰኝ የለም።

ከሲያትል የመጣ ነገር

ስለ እጥበት ሳነብ ያገኘሁት አንድ ታሪክ አለ፤ እሱን ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም። የእጥበት ማሽን ቀደም ብሎም ነበረ። ግን በየጊዜው አዲስ የደም ሥር መክፈት ስለሚያስፈልግ ታማሚን ለጥቂት ጊዜ እንጂ ለዓመታት ማቆየት አይቻልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካ ሲያትል ከተማ ቤልዲንግ ስክሪብነር የተባለ ሐኪም ክንድ ላይ የሚቆይ ትንሽ ቱቦ ሠራ። በዚያች ቱቦ ምክንያት ኩላሊቱ ያቆመ ሰው መኖር ቻለ። እ.ኤ.አ. በ1962 እዚያው የእጥበት ማዕከል ተከፈተ። ችግሩ ማሽኑ ጥቂት፣ የሚፈልገው ብዙ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ማን ይግባ የሚለውን የሚወስን ሰባት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቋቋመ። ስማቸው አይታወቅም ነበር። አብዛኞቹ ሐኪሞች አይደሉም፤ ከመካከላቸው አንድ የሃይማኖት አገልጋይ ነበረ። የሰውየውን ዕድሜ፣ ትዳሩን፣ የልጆቹን ብዛት፣ ገቢውን፣ ትምህርቱን ያዩ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለውን ተሳትፎም ይመዝኑ ነበር። ነገሩ በዚያው ዓመት መጽሔት ላይ ሲወጣ ብዙ ሰው ደነገጠ። እ.ኤ.አ. በ1972 የአሜሪካ ኮንግረስ ኩላሊታቸው ላቆመ ለአብዛኞቹ ዜጎች መንግሥት እንዲከፍል ሕግ አወጣ።

እነዚያ ሰባት ሰዎች ክፉ ነበሩ አልልም። የተሰጣቸው ሥራ ለሰው ልጅ የሚሆን አልነበረም። እኔን የነካኝ ቁጥሩ ነው። ሰባት። እኛም ሰባት ነበርን። ደግሞም ስለ ቤተሰቡ በተነጋገርን ቁጥር «ጥሩ አገልጋይ ነበር»፣ «አንድ እሑድ አይቀርም» እንል ነበር። እንደ ምስጋና ነው የምንለው። ባይመጣስ ኖሮ? እሑድ የሚቀር ሰው ቢሆን፣ ሰው የማይወደው ዓይነት ቢሆን፣ ፎቶው ግድግዳው ላይ ይወጣ ነበር? ይህን ጥያቄ ኮሚቴው ውስጥ አንስቼው ነበር። ለረጅም ጊዜ የመለሰልኝ ሰው የለም።

ከዚያ ወዲህ

በሚቀጥለው ስብሰባ ፌስታሉን አላመጣሁም። ሰብሳቢው «እህስ?» ሲሉኝ የሆነውን እንዳለ ነገርኳቸው። የተጻፈበትን የደረሰኝ ጀርባ ነገርኳቸው። ከጓዳ የመጣውን ድምፅም። ከዚያ የራሳችንን ሒሳብ፣ የዘገየውንና ለማስጌጫው የወጣውን አነበብኩ። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሳልጨርስ ግን አልተቀመጥኩም።

ስለ ጫማው ያነሣው ሰው ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ቆየ። «እኔ ነኝ መሄድ ያለብኝ» አለ። ሄዷል። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ሁሉም ግን አልተስማሙም። አንድ አባል እስከ ዛሬ ልክ ነበርን ይላል፤ መዋጮ ያለ ቁጥጥር ነገ ሰው እንዳይሰጥ ያደርጋል ብሎ ከኮሚቴው ወጥቷል። ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን። ሐሳቡን አከብራለሁ፤ አልተቀበልኩትም።

ስም ማንበብ አቁመናል። አሁን የሚነበበው በወሩ የገባው ድምር፣ የወጣው ድምር፣ ደግሞም ገንዘቡን የያዝነው ሰዎች ስም ነው። ፎቶም አይታይም። ገቢው ቀንሷል? አዎ፣ በመጀመሪያ ቀንሷል። ከዚያ ጳውሎስ ቆሮንቶሶችን በየሳምንቱ መጀመሪያ ቀን እያንዳንዱ እንደ ቀናው መጠን ያስቀምጥ እንዳላቸው፣ እኛም በየወሩ ጥቂት ጥቂት የሚሰጡ ሰዎችን መዘገብን። በአንድ ጊዜ የሚያስለቅስ ገንዘብ አይደለም። ግን አሥራ አራተኛው ወር ላይም አለ። ስሜን አታንብቢ ያለችኝ ሴት ከመጀመሪያዎቹ ተመዝጋቢዎች አንዷ ናት።

ደብተሬ ላይ «ጫማ» ያልኩት መስመር ግን አለ። የሒሳብ መዝገብ አይፋቅም፤ ልማዱም ሕጉም አይፈቅድም። አንዳንዴ ገጹን ስገልጥ አየዋለሁ።

እትዬ ቤት የሄድኩት ከሁለት ወር በኋላ ነው። ቶሎ መሄድ አልቻልኩም፤ እግሬ እንቢ አለኝ። በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው ፊቴን አልነበረም፤ ክንዴ ሥር ነው ያየችው። ከዚያ ሁለቱን እጄን አየች።

«ዛሬ ምንም አልያዝሽም?»

«አልያዝኩም፣ እትዬ። ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

ወዲያው አልመለሰችልኝም። በሩን ይዛ ቆመች። እኔም ቆምኩ። ከኋላዋ ልጅቷ ገመድ እየዘለለች ቁጥር ትቆጥራለች፤ ሠላሳ ሁለት፣ ሠላሳ ሦስት። አባቷ ወንበር ላይ ተቀምጦ አብሯት ይቆጥራል።

«እሱን በኋላ እንነጋገረዋለን» አለችኝ። «አሁን ግቢ፣ አርባ ልትደርስ ነው።»